በሶፍትቦል ኮሌጅ ለመግባት ለምታስቢ ልጅ (ቤተሰቦችሽም ያንብቡት)

ልጄ ሶፍትቦል (ቤዝቦል መሰሉን ጨዋታ) ስትጀምር እኔ ስለ ጨዋታው ማውቀው ኳሷ ቢጫ መሆኗን ብቻ ነበር። ከዛ በኋላ ስንትና ስንት ቅዳሜና እሁድ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ሲያከስለኝ ከረምኩ፣ ማታ ማታ ደሞ ለኮሌጅ ኮቾች (አሰልጣኞች) ኢሜይል ስትጽፍ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነገሩ ቀስ በቀስ ገባኝ። አሁን ኮሌጅ እየተጫወተች ነው፣ እዚህ አሜሪካ ያለ ማውቀው ሀበሻ ሁሉ ሴት ልጁ ባት በያዘች ቁጥር ለኔ ይደውላል፣ ስለዚ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ማወራው ላንቺ ለተማሪዋ ነው። አባትና እናት ከጎን ሆነው ይስሙ፣ የነሱም ተራ ይደርሳል።

በመጀመሪያ "ፉል ራይድ" ሚባለውን የሙሉ ስኮላርሺፕ ነገር ለጊዜው እርሺው። ሶፍትቦል ለእያንዳንዷ ተጫዋች ሙሉ ሚከፈልበት ስፖርት ሆኖ አያውቅም፣ የኮሌጁ ኮች የተሰጣትን ገንዘብ እንደ ድፎ ዳቦ ቆራርሳ ነው ምታድለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ቁራሽ ለፒቸሯ (ለኳስ ወርዋሪዋ) ነው፣ ቀጥሎ ለካቸር (ለተቀባይዋ) እና ለሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መሀል ለምትከላከለው)፣ ሌላው የተረፈውን ይካፈላል። ኤንሲኤኤ ሚባለው የኮሌጅ ስፖርት ማህበር ኮሌጆቹን በሦስት ዲቪዥን ይከፍላል፣ ትልቁ ዋን ነው። ለብዙ ዓመት አንድ ዲቪዥን ዋን ቡድን ማደል ሚችለው ቢበዛ የ12 ሙሉ ስኮላርሺፕ ያህል ነበር፣ ቡድኑ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ከ20 በላይ ልጅ አለ። ዲቪዥን ቱ ደሞ 7.2 ነው፣ አዎ ነጥብ ሁለት፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ።

በ2025 ነገሩ ተቀየረ። ጁን ላይ "ሀውስ" ሚባለው የፍርድ ቤት ስምምነት ጸደቀና እሱን ለተቀበሉ ዲቪዥን ዋን ኮሌጆች የ12ቱ ገደብ ተነሳ፣ በምትኩ የቡድኑ ቁጥር 25 ላይ ተወሰነ። በወረቀት ደረጃ ለ25ቱም ሙሉ መክፈል ይችላሉ ማለት ነው። መቻልና ማድረግ ግን ለየቅል ናቸው፣ ኪሳቸው ጥልቅ የሆነው በቲቪ ኦክላሆማ ሲቲ ለዎርልድ ሲሪስ (ለዋንጫው ውድድር) ሲደርሱ ምናያቸው ትላልቆቹ ናቸው፣ ብዙው ኮሌጅ እንደድሮው ይቆራርሳል። ደሞ 25 ተባለ ማለት በፊት "ያለ ስኮላርሺፕ ነይና ሞክሪ" ትባል የነበረችው ልጅ ቦታዋ ጠበበ ማለት ነው። በዛ ላይ ትራንስፈር ፖርታል፣ ኮሌጅ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች ሚመዘገቡበት፣ አለ፣ ኮቿ የ18 ዓመት ልጅ አምጥታ ሁለት ዓመት ከምታሳድግ ሌላ ኮሌጅ ተፈትና የወጣች የ20 ዓመት ልጅ ብትወስድ ይቀላታል፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን እሱን ነው ማደርገው። ልጄ ኒጃሪ ካናዲ ምትባለው ፒቸር በ2024 ወደ ቴክሳስ ቴክ ስትሄድ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የኤንአይኤል (ተጫዋች በስሟና በምስሏ ምታገኘው ገንዘብ) ውል አገኘች ሲባል ሰምታ አንድ ሳምንት ስለሱ ብቻ ነበር ምታወራው፣ ያ ሌላ ዓለም ነው እናቴ፣ እንደ ሎተሪ ቁጠሪው።

ስለዚ ዲቪዥን ዋን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አትበይ። ኤንኤአይኤ ሚባለው ሌላ ማህበር አለ፣ ትናንሽ ኮሌጆች ናቸው፣ የቡድኑ ገደብ 10 ስኮላርሺፕ ነው፣ ኮቾቹም እንደ ኤንሲኤኤ በቀን ገደብ አይታሰሩም፣ ገና ቀደም ብለው ሊያናግሩሽ ይችላሉ። ጁኮ ማለትም የሁለት ዓመት ኮሌጅ ደሞ አለ፣ በዲቪዥን ዋኑ እስከ 24 ስኮላርሺፕ መስጠት ይቻላል፣ ሁለት ዓመት ተጫውተሽ ጂፒኤሽን አስተካክለሽ ወደ አራት ዓመቱ ትሻገሪያለሽ፣ ሀበሻ "ኮሚኒቲ ኮሌጅ" ሲባል ፊቱን ያጠቁራል እንጂ በጣም ጥሩ መንገድ ነው። ካሊፎርኒያ ከሆንሽ ግን እዛ ያሉት ኮሚኒቲ ኮሌጆች የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም። ዲቪዥን ስሪም በስፖርት ስም አንዲት ሳንቲም አይሰጥም፣ አይቪ ሊግም እንደዛው። ይሄን ሰምቶ ሰው ሁሉ ይዘጋቸዋል፣ ትልቁ ስህተት ያለው ግን እዚህ ጋ ነው፣ ቁጭ ብለን እናስላ።

ቁጥሮቹን አካሄዱን ለማሳየት እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው። እንበል ስሙ የገነነ የሌላ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በዓመት 52,000 ዶላር ነው፣ ኮቿ 25 ፐርሰንት ሰጠችሽ፣ 13,000 ማለት ነው፣ ቤተሰብሽ ላይ 39,000 ቀረ። ሰፈር ውስጥ ግን "ዲቪዥን ዋን ስኮላርሺፕ አገኘች" ተብሎ እልል ተባለ። ሁለተኛው ማንም ያልሰማው ዲቪዥን ቱ ኮሌጅ ነው፣ 38,000 ያስከፍላል፣ ሶፍትቦል 8,000፣ በጂፒኤሽ 15,000፣ በቤተሰብ ገቢ 6,000፣ የቀረው 9,000። ሦስተኛው ዲቪዥን ስሪ ነው፣ 60,000 ብሎ ያስደነግጥሻል፣ ሶፍትቦል ዜሮ፣ በትምህርት ውጤት 30,000፣ በገቢ 18,000፣ የቀረው 12,000። አሁን የትኛዋ ናት ስኮላርሺፕ ያገኘችው? እኔ ቤት ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንደዚህ አይነት ሠንጠረዥ ነበር፣ የኮሌጅ ስም በቀኝ፣ የመጨረሻው ቁጥር በግራ፣ ስሙን እጥፍ አድርገን ቁጥሩን ብቻ ነበር ምናየው። ደሞ እያንዳንዱ ኮሌጅ ዌብሳይቱ ላይ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር አለው፣ ገቢያችሁን አስገብታችሁ ከማመልከትሽ በፊት ግምቱን ታያላችሁ፣ ነፃ ነው።

እና ነገሩ ምን መሰለሽ፣ ኮቿ የምትቆርሰው ዳቦ ትንሽ ስለሆነ ጂፒኤሽ ከፍ ካለ ከትምህርት በኩል የተወሰነው ይሸፈንልሽና ከሷ ድርሻ ብዙ አትወስጅም፣ ያኔ ከሌላዋ እኩል ኳስ ብትጫወቺ እንኳን አንቺ ነሽ ምትመረጪው። አልጀብራ ማጥናትሽ ባቲንግ ኬጅ (ኳስ መምታት መለማመጃው) ውስጥ ካጠፋሽው ሰዓት እኩል ገንዘብ ያመጣል ስልሽ አባት ስለሆንኩ አይደለም።

ትምህርቱ ላይ ከፍሬሽማን (ከ9ኛ ክፍል) ጀምሮ ማወቅ ያለብሽ ቁጥር 16 ነው። ኤንሲኤኤ 16 ኮር ኮርስ (ዋና ትምህርት) ይፈልጋል፣ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ሳይንስ፣ ሶሻል ሳይንስ ምናምን፣ የነዚህ ጂፒኤ ለዲቪዥን ዋን ቢያንስ 2.3፣ ለዲቪዥን ቱ 2.2። ይሄ ዝቅተኛው መግቢያ ነው እንጂ ገንዘብ ሚያስገኝ አይደለም። ዲቪዥን ዋን ላይ ደሞ ከ16ቱ 10ሩን ሲኒየር ዓመት (12ኛ ክፍል) ከመጀመርሽ በፊት መጨረስ አለብሽ፣ ከ10ሩ 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ ወይም ሳይንስ መሆን አለባቸው፣ እነዛ ከዛ በኋላ ይቆለፋሉ፣ ኋላ ክፍሉን ደግመሽ ወስደሽ ውጤቱን ላሻሽል ብትይ አይሰራም። ኤስኤቲና ኤሲቲ ሚባሉት የኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎች ከ2023 ጀምሮ ለኤንሲኤኤ አያስፈልግም፣ ኮሌጁ ራሱ ሊጠይቅ ግን ይችላል። ትምህርት ቤትሽ ሚሰጠው ክፍል ሁሉ አይቆጠርም፣ ለመጫወት ብቁ መሆንሽን ሚያጣራው የኤንሲኤኤ ኤሊጂቢሊቲ ሴንተር ዌብሳይት ላይ የትምህርት ቤትሽን ስም አስገብተሽ የጸደቁትን ኮርሶች ዝርዝር አውጪና ከካውንስለርሽ ጋር ቁጭ በሉ። ካውንስለሩ ያውቃል ብለሽ አትተዪው፣ ብዙ መቶ ልጅ ነው ሚከታተለው። ከሀገር ቤት በቅርብ የመጣሽ ከሆነ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን የትምህርት ማስረጃሽን ይጠይቁሻል፣ ኢኤስኤል (ቋንቋው አዲስ ለሆነባቸው ሚሰጥ እንግሊዝኛ) ክፍል ደሞ ሁሉም ኮር ተብሎ አይቆጠርም፣ ስለዚ እሱን ቀድመሽ አጣሪ፣ ማስረጃ ከሀገር ቤት ማስመጣት ስንት ወር እንደሚፈጅ መቼም አልነግርሽም።

አሁን ወደ ኮቾቹ። ዲቪዥን ዋን የሶፍትቦል ኮች ጁኒየር ዓመትሽ (11ኛ ክፍል) ሴፕቴምበር 1 እስኪደርስ ስለ ምልመላ አንቺን ማናገር አትችልም፣ ኢሜይልም ቴክስትም ስልክም። ዲቪዥን ቱ ከሶፎሞር ዓመት (10ኛ ክፍል) በኋላ ጁን 15 ላይ ይከፈታል። አንቺ ግን ከዛ በፊት መጻፍ ትችያለሽ! ይሄን ማያውቁ ልጆች ሶፎሞር ሆነው 40 ኢሜይል ልከው መልስ ሲያጡ አልቅሰው ይተዉታል። መልስ ያጣሽው ህጉ ስለሚከለክላት ነው፣ ማንበብ አልተከለከለችም። የካምፕ ማስታወቂያ ወይም ሚሞላ መጠይቅ ብቻ ነው ምትልክልሽ፣ መጠይቁን ግን በዛኑ ቀን ሙይው።

ኢሜይሉን ራስሽ ጻፊው። የመጀመሪያውን እኔ ነበርኩ የጻፍኩላት፣ ታታሪ፣ ሥነ ሥርዓት ያላት፣ ለቡድን ሥራ ዝግጁ የሆነች ብዬ ግማሽ ገጽ ሞላሁት፣ አንብባ "አባ ይሄ እኮ የሥራ ማመልከቻ ነው" ብላ ሳቀችብኝ፣ ልክ ነበረች። ኮች ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ውላ ማታ ስልኳ ላይ ነው ምታነበው። ርዕሱ ላይ ምትመረቂበት ዓመት፣ ፖዚሽንሽ፣ ስምሽ፣ ጂፒኤሽ ይግባ፣ ሳትከፍተው እንድታውቅሽ። ውስጡ ደሞ በእንግሊዝኛ ሆኖ ይዘቱ ይሄን ይመስላል፦

"ኮች እገሊት፣ የ2028 ተመራቂ ነኝ፣ ሾርትስቶፕና ሰከንድ ቤዝ እጫወታለሁ፣ ግራ እጅ መቺ ነኝ። ጂፒኤዬ 3.8 ነው፣ ነርሲንግ ማጥናት እፈልጋለሁ፣ እናንተ ጋ ነርሲንግና ሶፍትቦል አብረው ሚማሩ ልጆች እንዳሉ ሮስተራችሁ (የተጫዋቾች ዝርዝራችሁ) ላይ አይቻለሁ። ከሆም ወደ ፈርስት ቤዝ ስሮጥ 2.9 ሰከንድ። ቪዲዮዬ እዚህ አለ። ሚቀጥለው ቅዳሜ በዚህና በዚህ ሰዓት እዚህ ሜዳ ላይ እጫወታለሁ፣ ቁጥሬ 14 ነው። ከትምህርት ቤት ውጪ ምጫወትበት የትራቭል ቡድን ኮች ስልክ ይሄ ነው።"

በቃ። ስድስት ሰባት መስመር። ስለ ኮሌጁ ያልሺው ነገር እውነት የነሱ ብቻ መሆን አለበት፣ ኮች ለሁሉም ሚላክ ኢሜይል ከሩቅ ይሸታታል። ሮስተሩን ስታዪ ደሞ ሌላም ነገር ተመልከቺ፣ አንቺ ምትገቢበት ዓመት ሾርትስቶፗ ኮሌጁን ጨርሳ ወጥታለች ወይስ ገና ሁለተኛ ዓመት ናት? ሁለት ወጣት ሾርትስቶፕ ያለበት ቡድን ምን ብትወጂው ለምን ይከፍልሻል። ከዛ በየሶስት አራት ሳምንቱ አዲስ ነገር ሲኖር አጭር ጻፊ፣ አዲስ ውጤት፣ አዲስ ቪዲዮ፣ የጨዋታ ፕሮግራም። ለ30 ወይ 40 ኮሌጅ ጻፊ፣ ከነዛ ጥቂቱ ህልም፣ ብዙው በልክሽ ይሁን። በልክሽ መሆኑን ደሞ እኔም እናትሽም አንነግርሽም፣ ለኛ ሁሌም አንደኛ ነሽ፣ አንቺን ማይወድ አንድ ሌላ ኮች ፈልጊና "የትኛው ደረጃ ላይ ነኝ?" ብለሽ ጠይቂ።

ቪዲዮው ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። ስልክና ማቆሚያ ካለሽ ለማንም መክፈል የለብሽም። መጀመሪያ ስምሽ፣ ዓመትሽ፣ ፖዚሽንሽ፣ ከዛ ቀጥታ ወደ ምርጡ፣ ኮች ከ20 ሰከንድ በኋላ ልትዘጋው ትችላለች። ፒቸር ከሆንሽ ከካቸሯ ኋላም ከጎንም ቅረጺ፣ ኳሱ ሲታጠፍ ሚታየው ከኋላ ነው፣ ቼንጃፕሽን (ፈጣን መስሎ ቀስ ብሎ ሚመጣውን ውርወራ) አሳዪ፣ ፍጥነት ብቻ ያላት ፒቸር ብዙ ናት። ኢንፊልደር (ቤዞቹ አካባቢ ምትከላከይ) ከሆንሽ ኳሱ ከመሬት ተነስቶ ፈርስት ቤዝ ጓንት ውስጥ እስኪገባ ሳይቆረጥ ይታይ ምክንያቱም ኮቿ ሰዓት ይዛ ትለካዋለች። ስላፐር (እየሮጥሽ ምትመቺ) ከሆንሽ ሩጫውን እስከ ቤዙ ድረስ። ካቸር ከሆንሽ ፖፕ ታይም፣ ማለትም ኳሱን ከያዝሽ ወርውረሽ ቤዝ እስክታደርሺው ያለው ሰዓት። ዘፈን አያስፈልግም፣ ስሎው ሞሽንም ደሞ በዛ ብሎ አይገባበት። ቁጥርሽን አታጋንኚ፣ ከፒቸር እስከ ሆም 43 ጫማ ነው፣ 64 ማይል እወረውራለሁ ብለሽ ራዳሩ 58 ካለ ያቺ ኮች ከዛ በኋላ ጂፒኤሽንም አታምንሽም።

ትራቭል ቦል፣ ማለትም ከትምህርት ቤት ውጪ ባለው ቡድን እየተጓዙ መጫወት፣ ገንዘብ ይበላል፣ ሆቴሉ፣ ነዳጁ፣ መመዝገቢያው፣ አልዋሽሽም። ኮቾች ግን ልጅ ሚያዩት በአብዛኛው ትምህርት ሲዘጋ በሚደረገው የሰመር ቶርናመንት ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመው አስር ቡድን ያያሉ፣ የሃይስኩል ጨዋታ ላይ ግን ራሳቸውም ወቅት ላይ ስለሆኑ አይመጡም። አቅም ከሌለ ሰፈር አቅራቢያ ያለ ቡድን ይዘሽ ኮሌጆቹ በሚያዘጋጁት ካምፕ ላይ አተኩሪ፣ ሁለት ወይ ሦስት ብቻ፣ ኢሜይል ጽፈሽላቸው ፍላጎት ያላቸው ሚመስሉ። የካምፕ ግብዣ በራሱ ፍላጎት አይደለም፣ ለሺ ልጅ ነው ሚላከው፣ ካምፕ ለነሱ ገቢም ነው። "ባለፈው እሁድ ሁለተኛው ጨዋታ ላይ አይቼሻለሁ" የሚል መስመር ካለበት ግን ቦርሳሽን አዘጋጂ።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ልጄ ጁኒየር ሳለች አንድ ቶርናመንት ላይ ከሆም ፕሌቱ ኋላ፣ መረቡ ጀርባ፣ አንዲት ኮፍያ ያደረገች ሴት ክሊፕቦርድ ይዛ ተቀምጣለች። ቤዙ ሁሉ ሞልቶ ልጄ ስትራይክ አውት ሆነች (ሳትመታ ወጣች)፣ ሦስተኛውን ኳስ ቆማ አየችው። እኔ በቃ አለቀልን ብዬ ወንበሬን ማጠፍ ነው የቀረኝ። ሴትዮዋ ስትራይክ አውቱ ላይ ምንም አልጻፈችም። ልጄ ባቷን ቦታው አስቀምጣ፣ ሄልሜቷን ሰቅላ፣ ካቸሯ ቤዝ ላይ ስለነበረች የሷን ሺን ጋርድ (የቅልጥም መከላከያ) ይዛላት ወጥታ ተንበርክካ ስታስርላት ያኔ ነው አጎንብሳ የጻፈችው። ከሳምንታት በኋላ ስልክ ላይ መጀመሪያ ያነሳችላትም ሺን ጋርዱን ነው። ባት ሚወረውሩ፣ እናታቸው ውሃ ስታቀብላቸው ሚቆጡ ልጆችንም በዛው ክሊፕቦርድ ላይ ነው ሚጽፏቸው።

ወላጆች፣ አሁን የናንተ ተራ ነው። አምፓየሩ ላይ አትጩሁ። ኮች ስትደውል ስልኩን ልጅቷ ታንሳ፣ እናንተ ስለ ገንዘቡ ምትናገሩበት ቀን ኋላ ይመጣል። ሌላው፣ ይሄ የኛ ቤት ጉዳይ ነው፣ ልጆቻችንን ትልቅ ሰው ሲያናግራችሁ አንገታችሁን ድፉ ብለን ነው ያሳደግናቸው፣ አሜሪካዊት ኮች ግን ልጅቷ መሬት እያየች "አዎ" "እሺ" ብቻ ካለች ፍላጎት የላትም ወይም ትፈራለች ብላ ነው ምትረዳው። ቤት ውስጥ ተለማመዱ። እኔ ኮች ሆኜ እራት ላይ ጥያቄ እጠይቃት ነበር፣ መጀመሪያ ትሽኮረመም ነበር፣ በኋላ እኔኑ ማፋጠጥ ጀመረች። ብዙ ሺ ዶላር ክፈሉና ስኮላርሺፕ እናገኝላታለን ሚሉ ድርጅቶች ይደውሉላችኋል፣ ከላይ የጻፍኩትን ነው ሚሸጡላችሁ።

የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይም አለ። ፋፍሳ ሚባለው የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ዜጋ ለሆነ፣ ግሪን ካርድ ላለው፣ ጥገኝነት ለተፈቀደለት ይሰራል፣ ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ላይ ላለች ወይም የጥገኝነት ጉዳይዋ ገና ላልተወሰነ ግን የፌዴራል ገንዘቡ የለም። የሶፍትቦል ስኮላርሺፕ ግን የኮሌጁ ገንዘብ ነው፣ ኤንሲኤኤ ዜግነት አይጠይቅም። ስለዚ አትደብቂ፣ ነገሩ ቁም ነገር ላይ ሲደርስ ኮቿን "የኮምፕላያንስ ቢሮውን (ህጉን ሚከታተለውን) ማናገር እችላለሁ?" በያት፣ ሥራቸው ነው። ተማሪ ቪዛ ላይ ያለሽ ደሞ የኤንአይኤል ብር ከመንካትሽ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቂ።

ኦፈር ሲመጣ አትዝለይ። በቃል የተባለ ነገር ማንንም አያስርም፣ አንቺንም እሷንም። ድሮ ናሽናል ሌተር ኦፍ ኢንቴንት ሚባል ወረቀት ነበር፣ በ2024 ቀርቷል፣ አሁን ሚፈረመው ከኮሌጁ ጋር የሚደረገው የስኮላርሺፕ ውል ነው። ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ፦ ለአንድ ዓመት ነው ወይስ ለአራቱም? ጉልበቴ ቢጎዳስ? መጽሐፍና ምግብ ይጨምራል? ከትምህርት ስኮላርሺፑ ጋር አብሮ ይሄዳል ወይስ አንዱ ሌላውን ይቀንሳል? ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ እኛን 4,000 ዶላር አትርፎልናል፣ በጽሁፍ እንዲሆን ስላልን ብቻ። "እናንተ ብትሄዱስ?" ብለሽም ጠይቂ፣ ኮች ይቀየራል። እንደውም እኔ ልጄን ያልኳት፣ ኮቿም ሶፍትቦሉም በሌሉበት እዛ ግቢ አራት ዓመት መማር ትፈልጊያለሽ? አላሰበችበትም ነበር፣ ሄዳ አንድ ቀን ክፍል ተቀምጣ አየችና ከቀሯት ሁለት ኮሌጆች አንዱን ጣለች።

ፈርመሽም አላለቀም። ሲኒየር ዓመት ኤፕሪል 1 ላይ ወይም ከዛ በኋላ ኤሊጂቢሊቲ ሴንተር አካውንትሽ ውስጥ ገብተሽ የመጨረሻውን የአማተርነት (ፕሮፌሽናል ተጫዋች አለመሆንሽን) ማረጋገጫ መጠየቅ አለብሽ፣ አንድ ቁልፍ መንካት ነው፣ ሰው ግን ይረሳዋል። ከተመረቅሽ በኋላ ደሞ የመጨረሻው ትራንስክሪፕት ምትመረቂበት ቀን ያለበት ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ መላክ አለበት። እኛ ትምህርት ቤቱ ልኮታል ብለን ተኝተን ጁላይ ላይ አልደረሰም ተባልን፣ ስሄድ ቢሮው ትምህርት ስለተዘጋ ግማሽ ቀን ብቻ ነው ሚሰራው፣ ሁለት ቀን ተመላልሼ በሦስተኛው ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ጠብቄ ነው ያስላክሁት። አንቺ በምረቃው ሳምንት ጋውኑን ስትመልሺ እዛው አስልኪው።